እሺ ሳይባል አንቀመጥም

መምህርት ሰርካለም ሰው በማስቀመጥ ትታወቃለች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳው፣ ባንክ የሚሠራው፣ ዲያቆን ሆኖ የሚቀድሰው ጎረምሳ ሁሉ ሰባተኛ ክፍል ሳለ በእሷ አንደበት «ሲት ዳውን» ተብሎ ተቀምጧል። እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ድምፅዋ ግድግዳ አይበግረውም፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት አስተማሪዎች የራሳቸውን ተማሪ ለማስቀመጥ አይደክሙም፣ በእሷ ጩኸት አብረው ይቀመጡላቸዋል። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ፣ በቅበላ ሰሞን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ላለመቀመጥ ቆርጣ ወደ አምባሰል የወጣችው።

ነገሩ የወንድሟ የጌዴዎን ነው። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ስላለፉ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለሥራ ያበቃችው እሷ ናት። ጌዴዎን ከውጫሌ በላይ ባለች መንደር የምትኖረውን የአቶ ዝናውን ልጅ ማርያማዊትን ወደደ፤ ልጅቷም ወደደችው። ግን ቁርጡን ነግራዋለች። «አባቴ ሳይመርቀኝ ከዚያ ቤት አልወጣም። አባቴን እሺ አሰኘው» አለችው። ማርያማዊት ደግሞ አንዴ ካለች አለች ናት።

በመጀመሪያው ጊዜ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት መሪጌታ ባዬና ጋሽ ታመነ ነበሩ። በዚያ አገር ደንቡን የማያውቅ የለም። ልጅ የሚለምን ሽማግሌ ገብቶ ይቆማል። ተቀመጡ ቢባል «ጉዳይ አለን፣ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ይላል። ቢመሽም ቆሞ ነው። የተቀመጠ እንደሆነ ግን ልመናው ቀርቶ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸኛል። ጋሽ ታመነ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ጉልበቱ ነው የከዳው። ዳገቱን ወጥቶ እግሩ ሲንቀጠቀጥ፣ አቶ ዝናው አጎዛ የለበሰ በርጩማ ከኋላው ጠጋ አደረገና «አይ የኛ ዳገት፣ ክፉ እኮ ነው» አለ። ጋሽ ታመነም «ክፉ ነው እንጂ» እያለ ቁጭ።

አለቀ። የአቶ ዝናው ፊት በራ። «እንግዲህ እንግዶቼ ናችሁ» ብሎ በግ አረደ፣ ጠላ አስቀዳ፣ በክብር አብልቶ አጠጥቶ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኛቸው። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልተነሣም። ጋሽ ታመነ እስካሁን ድረስ «በጉ ግን ጥሩ በግ ነበር» ይላል፤ ሰርካለም ይህን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

አሁን የቀረው አንድ ዕድል ነው። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ሦስተኛ ያንን ደጅ አይረግጥም፤ ነውር ነው። በጋሽ ታመነ ምትክ ሂዱ የተባሉት ወንዶች አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ማሽላዬን አለ። ሽማግሌ አስቀማጩን ዝናውን ሁሉም ፈርቶታል። ያኔ ሰርካለም «እኔ እሄዳለሁ» አለች። ዘመድ አዝማዱ ተያየ። ሴት ሽማግሌ አይተው አያውቁም። መሪጌታ ባዬ ግን ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ሴት አትሂድ የሚል ተጽፎ አላየሁም። ደግሞስ መቆም ለኔና ለሷ ሥራችን ነው፤ እሷ ሰሌዳ ሥር፣ እኔ ማኅሌት ላይ» አሉ። ጌዴዎን ዓይን ዓይኗን ሲያያት «እሺ ሳላሰኝ አልመለስም። አንተ ሱፍህን አስተኩስ» አለችው። እንዲህ ናት፤ ያልጀመረችውን ከወዲሁ ትጨርሰዋለች።

ከሐይቅ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከውጫሌ መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ሰርካለም ለክብር ብላ ተረከዝ ያለው አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርስ ጫማውም እሷም ተጸጽተዋል። ይህን ግን ለመሪጌታ አልተናገረችም። እሳቸው መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሠርግ ቤት እንደተጠራ ሰው ዘና ብለው ይወጣሉ።

«አንቺ ልጅ» አሉ መሪጌታ አንድ ጥግ ላይ ቆም ብለው፣ «ያ ሲት ዳውን የምትይው ነገር መቀመጥ ማለት ብቻ ነው?»

ስለ ቃል ከጠየቋት ሰርካለም ዳገቱንም ጫማውንም ትረሳለች። «ምን መቀመጥ ብቻ፣ መሪጌታ። እንግሊዞቹ በዚያች ቃል ያላስቀመጡት ነገር የለም። ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ ተቀመጠች ይላሉ። ተማሪ ሲፈተን ለፈተና ተቀመጠ ይላሉ። ችሎት ሲሰየም ተቀመጠ፣ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ተቀመጠ። ልብስ እንኳ ልክክ ሲል ጥሩ ተቀምጦለታል ነው የሚሉት።»

«ሥሯስ ከየት ነው?»

«ጥንት ነው፣ ጽሕፈት ሳይኖራቸው። ከዚያው ሥር ኮርቻ ወጥቷል፤ ፈረስ ላይ መቀመጫ ነውና። አገር ላይ መስፈርና ጠብ ማብረድን በአንድ ቃል ‹ሴትል› ይሉታል፤ እሱም ከመቀመጫ የመጣ ነው። ፕሬዚደንት የምንለው ሰውዬም በላቲኑ ከፊት የሚቀመጥ ማለት ነው። የወፍ ጎጆን ‹ኔስት› ሲሉ እንኳ፣ ወፏ ዝቅ ብላ የምትቀመጥበት ማለታቸው ነበር፤ አሁን ረስተውታል።»

መሪጌታ በደስታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «እኛም ረስተናል እኮ! በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። ወንበሩ ከዚያ፣ መንበሩ ከዚያ፣ ንብረቱ ከዚያ። ዛሬ ሰው ‹እገሌ እዚህ ነበር› ሲል፣ የጥንቱ ሰው ‹እዚህ ተቀምጦ› ማለቱ እንደሆነ ማን ያስታውሰዋል?»

«እንግዲያ ያልተቀመጠ አልነበረም ማለት ነው።»

«ዛሬስ የተቀመጥን ዕለት ነው የማንኖረው» አሉ መሪጌታ። «አብሽሪ፣ ዳገቱን ውጪ።»

የአቶ ዝናው ቤት ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ ቤት ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ መደብ፣ ከምሰሶው አጠገብ ደግሞ ባለመደገፊያ ወንበር አለ። ዝናው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሳቁ የማያልቅ ሰው ነው። ሰላምታውን አዥጎድጉዶ ካስገባቸው በኋላ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተመቻቸና በእጁ መደቡን አሳየ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ መሪጌታ።»

«ጉዳይ አለን፣ ዝናው። እሺ ሳይባል አንቀመጥም።»

«ኧረ ዳገት ወጥታችሁ! ለእግራችሁ ስትሉ እንኳ።»

«ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ የተቀመጣችሁ ተነሡ ሲል ሰምቻለሁ» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር እየሸጎጡ። «የቆማችሁ ተቀመጡ ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ዝናው ከልቡ ሳቀ። ጥሩ ባላጋራ ሲገጥመው ደስ የሚለው ሰው መሆኑን ሰርካለም ያን ጊዜ አወቀች። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞረ። «ይህችስ?»

«ሁለተኛዋ ሽማግሌ ናት።»

«ሴት?»

«የልጁ እኅት ነኝ፣ ጋሽ ዝናው። እኅትም እናትም» አለች ሰርካለም። «ጋሽ ታመነ የመጡት ለበጉ ነበር። እኔ ለልጅቷ ነው የመጣሁት።»

ይህንንም ሳቀበት። ከዚያ ወደ ጓዳው ጮክ ብሎ «ማርያማዊት፣ እናትሽን ጠላ ታምጣ በያት» አለ። ሚስቱ የሺሀረግ እዚያው ጓዳው በር ላይ፣ እጁን ቢዘረጋ የሚነካት ያህል ቀርባ ቆማ ነበር። ማርያማዊት ብቅ አለች እንጂ መልእክቱን አላደረሰችም፤ እናትየዋ ሰምታ ዝም ብላ ዞረች። ሰርካለም አስተማሪ ናት፤ የተኳረፉ ሰዎችን ከበር ታውቃለች። ግን የመጣችው ለሌላ ነበርና አለፈችው።

መሪጌታ ልመናውን በወጉ አቀረቡ። የጌዴዎንን ጠባይ ተናገሩ፣ ዘሩን ቆጠሩ፣ ሥራውን ጠቀሱ። ዝናው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማና «መልካም፣ መልካም» ብሎ ስለ ማሽላው አወራ። ስለ አዲሱ ወይፈኑ አወራ። አርዲቦ ሐይቅ ዘንድሮ ስለ መጉደሉ፣ ለግሸን ንግሥ ስለ መጣው ሕዝብ ብዛት፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ አወራ። የዚህ ሰው ዘዴ ይኸው ነው፤ እንቢ አይልም። ያወራል፤ ጉልበት እስኪከዳ ያወራል። ጠላው መጣ፤ ሽማግሌዎቹ አልነኩትም። ፀሐይ ከበሩ ደፍ ተነሥታ እስከ ምድጃው ደረሰች። የሰርካለም ጣቶች በጫማው ውስጥ እየጮኹ ነበር፣ ፊቷ ግን እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ፊት ነው።

«መምህርት» አለ ዝናው ድምፁን አለስልሶ፣ «አንቺ እንኳ ምን አንገላታሽ? ወንዶቹ እንነጋገራለን። አንቺ ጓዳ ግቢና ከማርያማዊት ጋር ተጫወቺ። ጓዳ መቀመጥ እንደ መቀመጥ አይቆጠርም።»

ማርያማዊት በጓዳው በር አየቻት። ከኋላዋ ምንጣፍ ተነጥፏል። የሰርካለም አንድ እግር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመሬት ተነሥቶ ነበር። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ቲቸር፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ሰሌዳውን ላጥፋ» የሚል ትሑት ተማሪ አለ። የሚያጠፋው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የቤት ሥራ ነው። እግሯን መለሰች።

«ጓዳም ቤት ነው፣ ጋሽ ዝናው» አለች። «ይልቅ ይፍቀዱልኝና ጫማዬን ላውልቅ።»

አወለቀችና ጎን ለጎን አስቀመጠችው። የቀዘቀዘው መሬት እግሯን ሲነካት ጉልበቷ ታደሰ፤ ከጉልበቷ ጋር ምላሷም። አሁን በደንብ ቆማለች። መሪጌታን በዓይኗ ፈቃድ ጠየቀች፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሽ ዝናው፣ ልጠይቅዎት። ልጁ ጠባየ ክፉ ነው ይላሉ?»

«ኧረ የለም። የተመሰገነ ልጅ ነው።»

«ዘራችን ላይ ነቀፌታ አለ?»

«የለም።»

«ማርያማዊት አልፈልግም ብላለች?»

ዝናው ዓይኑን ወደ ጓዳው በር ጣለ።

«እንግዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ጠይቄያለሁ። መልሱን የማያውቅ ተማሪና መልሱን እያወቀ መናገር ያልፈለገ ተማሪ ይለያሉ። እርስዎ መልሱን ያውቁታል። ምክንያትዎን ይንገሩንና ቆመን እንስማው። ካሳመኑን ሳንቀመጥ እንሄዳለን፤ ዳግመኛም አንመጣም።»

መሪጌታ ክው አሉ። የቀረቻቸውን አንዲት ዕድል አውጥታ መያዣ ማድረጓ ነው። ሰርካለም ግን አልደነገጠችም። ሰውየው ውሸታም እንዳልሆነ ፊቱ ላይ አይታለች፤ ውሸታም ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሰበብ ፈጥሮ ያሰናብታቸው ነበር። በሳቅ የሚሸሽ ሰው የሚሸሸው ነገር አለው።

ዝናው ለመሳቅ ሞከረ፣ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ሲናገርም ቀስ ብሎ ነበር።

«ትሁን የሚባል ወንድም አላት፤ ሳውዲ ብሎ ወጣ። ባሕሩን ይሻገር አይሻገር የነገረን የለም። ድምፁ ከጠፋ ዓመት አለፈው። ይህች ናት የቀረችኝ። ማታ ስገባ የምታጫውተኝ እሷ፣ ዋልክ እንዴት የምትለኝ እሷ። እሷንም ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ እኔ በዚህ ቤት ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ሰርካለም አፏ ላይ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ሩቅ አይደለም፣ በየበዓሉ ትመጣለች የሚል። ዋጠችው። ሰውየው ስለ መንገድ ርቀት አልነበረም የተናገረው፤ አዘነችለት። አንድ ልጅ ብቻዋን አሳድጋለችና ቤት ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች፤ ጌዴዎን ሲያገባ የእሷም ቤት ባዶ ይሆናል።

ያኔ የሺሀረግ ከጓዳ ወጣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከባሏ ወንበር ፊት አልፋ መጣችና ከሰርካለም አጠገብ ቆመች። ከሽማግሌዎቹ ጎን።

ዝናው ቀና ብሎ አያት። «ምነዋ?»

«ጉዳይ አለኝ» አለች የሺሀረግ።

«አንቺም ከነሱ ጋር ሆንሽ?»

ዝናው ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተ። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ቆሟል፤ የተቀመጠ እሱ ብቻ ነው። ስንት ሽማግሌ ያስቀመጠው ሰው ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው፤ ወዲህ ዞረ፣ ወዲያ ዞረ። በመጨረሻ «ማርያማዊት» ብሎ ጠራ።

ልጅቷ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ትወጂዋለሽ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔ እንቢ ብልሽ?»

«እቀመጣለሁ። ግን እንደ ድሮው አልጫወትልህም።»

ይህ ቃል ዝናውን እንዳገኘው ሁሉም አየ። ከወንበሩ ተነሣ። ሲነሣ ረጅምነቱ ተመለሰ፣ ድምፁም አብሮ።

«ሰጥቻለሁ» አለ። «መሪጌታ፣ ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። ከልቤ ነው። ተቀመጡ።»

መሪጌታ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይባርካት፣ ይባርካችሁ» ብለው መደቡ ላይ ሲቀመጡ ከጉልበታቸው ቋ የሚል ድምፅ ወጣ። ሰርካለምም ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚህ ጣፋጭ መቀመጥ ተቀምጣ አታውቅም። ጌዴዎን ስልኩን በእጁ ይዞ እየተንጎራደደ እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ምን ብላ እንደምትነግረው እያሰበች ልቧ በኩራት አበጠ። አላልኩም? እሺ አሰኝቼ አይደለም? ጠላውንም አነሣች።

ዝናውም ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሲል የሺሀረግ እዚያው እንደቆመች ነች።

«ተቀመጪ እንጂ» አላት። «ሰጠሁ እኮ።»

«ለነሱ ሰጠህ» አለች የሺሀረግ። «እኔ ገና አልጠየቅሁም።»

ሰርካለም ዋንጫውን ከአፏ መለሰች።

«የትሁንን ስንቅ የቋጠርኩ እኔ ነኝ» አለች የሺሀረግ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ንግግር ብዙ ማታ ብቻዋን እንዳለችው ያስታውቃል። «አትሂድ ብዬዋለሁ፣ አልሰማኝም። እንቢ ሲለኝ ልጄ ተርቦ አይውጣ ብዬ ቋጠርኩለት። አንተ ስንቁን እንጂ ልመናዬን አላየህም። ከዚያ ቀን ወዲህ አላወራኸኝም። ውሃ ሲያስፈልግህ በልጅቷ ነው የምትልክብኝ። ለኔም ልጄ ነው፣ ዝናው። አሁን ከማን ጋር ልቀመጥ ነው ስትል ሰማሁህ። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ።»

ዝናው ዞር ብሎ የጓዳውን በር አየ።

«ጉዳዬ ይኸው ነው» አለች። «ልጅቷ ስትሄድ ከእኔ ጋር ተቀመጥ። አውራኝ። እሺ ሳትል አልቀመጥም።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ያዙና፣ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ተነሡ። ሰርካለምም ጠላውን አስቀምጣ በባዶ እግሯ ተነሣች። ማርያማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ዝናው ሚስቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት፤ ከዓመት በላይ እንዲህ አላያትም ነበር። ማሽላውም፣ ወይፈኑም፣ አርዲቦም ትዝ አላሉት።

«እሺ» አለ። ደግሞ «እሺ፣ የሺ» አለ።

ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መደቡ ሄደና ለሰው የሚሆን ቦታ አስቀርቶ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል።

«ግን ምን እናወራለን?» አላት።

«እሱን ተቀምጠን እናየዋለን» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች።